በፌስታል የመጣ ፍሬን፦ የተበታተነ ካንቲሌቨር እንዴት ይገጠማል?

ድሬዳዋ ሜዳ ስለሆነች ብዙ ሳይክል ነጂ ስለ ፍሬን አይጨነቅም። የኋላው ትንሽ ከያዘለት ይበቃዋል። ካልያዘም ጫማ አለ፤ አስፋልቱን እየጫረ ያቆማል። ባጃጅ ድንገት ዞሮ ፊቱ ሲቆም ግን ጫማ አያድንም።

አሮጌ ማውንቴን ሳይክል የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ነገር አለ። ቴላዮው ደህና ነው፤ ጎማውም ደህና ነው፤ ፍሬኑ ግን ተፈትቶ በፌስታል ይሰጠዋል። ሻጩ "ሁሉም አለ፣ መግጠም ብቻ ነው" ይላል። ፌስታሉ ሲዘረገፍ ክንድ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ሮንዴላና የተበጣጠሰ ካቦ ይወጣል። አንዳንዴ የሁለት ሳይክል ዕቃ ተቀላቅሎ ይመጣል። ዛሬ ያንን ክምር መልሰን ፍሬን እናድርገው።

ይህ ፍሬን ካንቲሌቨር ይባላል። በፈረንጆች ከ1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ማውንቴን ሳይክሎች በብዛት የያዙት እሱን ነው። በ1996 ሺማኖ ረጅም ክንድ ያለውን ቪ ብሬክ አወጣ፤ ካንቲሌቨርም ቀስ በቀስ ከማውንቴን ሳይክል ወረደ። ጭቃ ውስጥ የሚወዳደሩት የሳይክሎክሮስ ጋላቢዎች ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ይዘውት ቆይተዋል። በጎማውና በፍሬኑ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ ጭቃ አይዘጋውም። ዲስክ ፍሬን ለእነሱ ውድድር የተፈቀደው በ2010 ነው። ስለዚህ "አርጅቷል፣ ጣለው" ለሚላችሁ ሰው ቶሎ ጆሮ አትስጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በፊት ሹካው ሁለት እግሮች ላይ አጫጭር ፐርኖዎች፣ ማለትም ክንዱ የሚዞርባቸው እንደ ጣት የወጡ ብረቶች፣ ተበይደዋል። ከኋላም ከመቀመጫው ሥር ወደ ጎማው በሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ እንደዚሁ። በእያንዳንዱ ፐርኖ ላይ አንድ ክንድ ይሰካል፤ ክንዱ ላይ ፓድ፣ ማለትም የፍሬኑ ላስቲክ፣ ይታሰራል። የሁለቱን ክንዶች ጫፍ አጭር አግዳሚ ካቦ ያገናኛቸዋል። ከእጀታው የሚመጣው ዋናው ካቦ አግዳሚውን መሃሉ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል። ክንዶቹ ይዞራሉ፤ ፓዶቹም ቸርኬውን፣ ጎማው የሚለብስበትን የብረት ቀለበት፣ ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። እጀታው ሲለቀቅ ሞላዎቹ ክንዶቹን ወደ ውጭ ይመልሷቸዋል።

ካንቲሌቨር "አይዝም" ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ አዲስ ፓድ ይገዛል። እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው ባይ ነኝ፦ ፐርኖው ቆሽሿል፣ አግዳሚው ካቦ ደግሞ ያለ ቦታው ታስሯል። ሁለቱንም ለማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ክምሩን መለየት

ዕቃውን ትሪ ላይ ዘርግፉት። መሬት ላይ ከሆነ ትንንሾቹ ሮንዴላዎች ጠፍተው ይቀራሉ። ለአንድ ጎማ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ሁለት ክንድ፣ ሁለት ሞላ፣ ፐርኖው ውስጥ የሚገቡ ሁለት ብሎኖች ከነሮንዴላቸው፣ ሁለት ፓድ፣ ፓዱን የሚይዙ ሁለት ባለ ቀዳዳ ብሎኖች ከነዳዷቸው፣ አንድ አግዳሚ ካቦና እሱን የሚይዝ አንድ መስቀያ። ለፊትና ለኋላ እጥፍ።

ክንዶቹን ጀርባቸውን እያያችሁ አጣምሩ። የፋብሪካው ስምና ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ታትሟል። ግራና ቀኙ በመስታወት እንደሚታይ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ከጥንዱ አንደኛው ካቦውን በብሎን ይነክሳል። ሌላኛው ክፍት ስንጥቅ አለው፤ የካቦው እንክብል ጫፍ እዚያ ውስጥ ይገባል። ጎማ ለማውጣት ሲፈለግ በዚያ በኩል ተነቅሎ ፍሬኑ ይከፈታል። ሁለት ባለ ስንጥቅ ክንድ አግኝታችሁ ባለ ብሎን ካጣችሁ ዕቃው ተቀላቅሏል ማለት ነው። ወደ ሻጩ ተመለሱ፤ የእናንተ ግማሽ ሌላ ሰው ፌስታል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሞላ ላይ ሰው ይሳሳታል። የግራውና የቀኙ የተጠቀለሉበት አቅጣጫ ይለያያል። ለማወቅ ክንዱን ከነሞላው ፐርኖው ላይ ሰክታችሁ ወደ ቸርኬው ግፉት። ጥቅሉ እየጠበበ ከሄደ ትክክል ነው። እየላላ ከሄደ የወዲያኛው ጎን ሞላ ነው። አቀያይሩት። ተገልብጦ የገባ ሞላ ለጥቂት ቀን የሚሠራ ይመስላል፤ ከዚያ ይደክማል፣ ፓዱም ከቸርኬው ላይ አልነሳ ይላል።

ፓዱን በጥፍራችሁ ጫኑት። ምልክት ካልተቀበለ ደርቋል። ዕድሜና ፀሐይ ላስቲክ ያደርቃሉ፤ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ላዩ ብቻ ከሆነ የደረቀው በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት። ውስጡ የተቀበሩ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ፍርፋሪዎች ካሉ በመርፌ አውጧቸው፤ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበሉታል። እስከ ውስጡ ድረስ የደረቀ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ጣሉት። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ አዲስ ግዙ የምላችሁ ፓድና ካቦ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ፓድ የብረት ቤት አለው፤ ላስቲኩ ውስጡ ይንሸራተትና ይገባል። የቤቱ አንድ ጫፍ ዝግ፣ ሌላው ክፍት ነው። ዝጉ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ሳይክሉ ፊት ይዙር። ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላስቲኩን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ክፍቱ ወደ ፊት ከዞረ ላስቲኩ ተስቦ ይወጣል፤ የሚወጣውም አጥብቃችሁ በያዛችሁበት ቅጽበት ነው። ይህችን ነገር ደጋግማችሁ አረጋግጡ።

ፐርኖው

የፐርኖው ውጫዊ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ይቀበላል። ሥሩ ላይ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የሞላው ጅራት ከእነሱ በአንዱ ይገባል።

ከፊት ለፊት ቁማችሁ ሁለቱን አስተያዩ። አንዱ ከተጣመመ ፓዱ መቼም ቀጥ ብሎ አይገጥምም። ቀጥሎ አፉን በጣታችሁ ዳስሱ። ከዚህ በፊት አንድ ጉልበተኛ ብሎኑን ከልኩ በላይ አጥብቆት ከሆነ የፐርኖው አፍ አብጦ ጠርዙ ወደ ውጭ ይወጣል። ክንዱ እዚያ ላይ ይነክሳል፤ ሞላ ቢቀየርለትም አይመለስም። ያበጠውን ጠርዝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ቀስ አድርጋችሁ አለስልሱት። ሞረድ የምትጠቀሙ ከሆነ በጣም ትንሽ፤ ብዙ ከተፋቀ ክንዱ ይወዛወዛል።

ብሎኑ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። መሃል ላይ ቀጥ ካለ በቁልፍ አታስገድዱት። ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ድሬ ባቡሩ በፈረንጆች 1902 ከደረሰ ጊዜ ጀምሮ ብረት የሚያውቅ ሰው ያጣች ከተማ አይደለችም፤ ለእነሱ ይህ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው። የተሰነጠቀ ወይም ብየዳው የለቀቀ የፊት ፐርኖ ከሆነ ግን እኔ እንደገና ከማስበየድ ሹካውን መቀየር እመርጣለሁ። የሹካው ቱቦ ቀጭን ነው፤ እሳት ሲበዛበት ይዳከማል። ፊት ለፊት የሚሰበር ሹካ ደግሞ ጥርስ ይዞ ይሄዳል።

አሁን አሸዋው። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ አሸዋው መጋላም ከዚራም ሰፈር ይደርሳል። ያ አሸዋ ከድሮ ዘይት ጋር ሲለወስ ፐርኖውንም ክንዱንም እየፈገፈገ የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ክንዶቹንና ሞላዎቹን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ እጠቡ። ፓዶቹን ግን አርቁ፤ ዘይት የነካው ላስቲክ ፍሬንነቱን ያጣል። ከደረቀ በኋላ ፐርኖውን ስስ ግሪስ ቀቡት። እዚህ ላይ "ትንሽ ጨምርበት" የሚል ምክር አትስሙ። የተረፈው ግሪስ አሸዋ መሰብሰቢያ ነው።

ክንዶቹን መስቀል

ክንዱን ከነሞላው ፐርኖው ላይ ስኩት። የሞላውን ጅራት ወደ መሃለኛው ቀዳዳ አስገቡት። በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ቀዳዳ ይሁን፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከመሃል ከሆነ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። ከዚያ ሮንዴላው፣ ከዚያ ብሎኑ። የሚፈታውም የሚታሰረውም አብዛኛውን ጊዜ በ5 ቁጥር አለንኪ ነው። አጭሩን አለንኪ ይዛችሁ በመጠኑ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። ለሚለካ ሰው ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው።

አንዳንዱ ሞዴል ከሞላው በላይ በ13 ቁልፍ የሚዞር ቡሽንግ አለው። በእሱ ላይ የሞላው ጉልበት የሚወሰነው በቀዳዳ ሳይሆን ቡሽንጉን በማዞር ነው። በአንድ እጅ ቡሽንጉን አዙራችሁ ትይዛላችሁ፤ በሌላው ብሎኑን ታጠብቃላችሁ። ሌላው ሞዴል ደግሞ በአንዱ ክንድ ጎን በ2 ቁጥር አለንኪ የምትዞር ትንሽ ብሎን አለችው። እሷ የመጨረሻዋ ማስተካከያ ናት፤ አሁን አትንኳት።

ካቦ ሳይታሰር ክንዱን በጣት ገፍታችሁ ልቀቁት። ቶሎ ብሎ መመለስ አለበት። እየተንቀራፈፈ ከተመለሰ ወይ ፐርኖው አብጧል፣ ወይ አልጸዳም፣ ወይ ብሎኑ ክንዱን ነክሶታል። ይህ ሳይስተካከል ወደ ፊት መሄድ ዋጋ የለውም። ካቦ ከታሰረ በኋላ ጥፋቱ የካቦ ይመስላችሁና ግማሽ ቀን ሌላ ቦታ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ፓዱን ማሰር፦ አናዳጁ ክፍል

የድሮው ካንቲሌቨር ፓድ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ዘንግ አለው። ዘንጉ በባለ ቀዳዳው ብሎን ውስጥ ያልፋል፤ ብሎኑ ደግሞ በክንዱ ውስጥ ያልፋል። ከኋላ በ10 ቁልፍ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ ዘንጉን ስቦ ከክንዱ ጋር ያጣብቀዋል። በመሃል ጎድጓዳ ሮንዴላ አለ፤ ፓዱ ትንሽ እንዲያዘነብል የሚፈቅደው እሱ ነው። ሮንዴላው ተገልብጦ ከገባ ወይም ጠፍቶ በተራ ሮንዴላ ከተተካ ፓዱ በጠበቀ ቁጥር ይሽከረከራል።

ችግሩ አንድ ዳዶ ሁሉንም ነገር መያዙ ነው። ከፍታውን፣ ርቀቱን፣ አቅጣጫውንና ዝንባሌውን አንድ ላይ ይዟል። አንዱን ለማስተካከል ስትፈቱት ሌሎቹም አብረው ይፈታሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እዚህ የሚቸኩል ሰው ሦስት ጊዜ ይሠራል።

የሚያቀል ዘዴ አለ። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ላይ ቀለበት ቁረጡ። በሁለቱ ክንዶች ላይ አጥልቁት፤ ፓዶቹን ቸርኬው ላይ ተጭኖ ይይዝላችኋል። ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል። አሁን አንድ በአንድ እዩ።

ከፍታው፦ ፓዱ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ጎማውን ከነካ ጎኑን ይበላውና አንድ ቀን ይፈነዳል። ነገር ግን ከላይኛው የቸርኬ ጠርዝ ብዙ አታውርዱት። ክንዱ ወደ ውስጥ ሲዞር ፓዱ ቅስት እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል። ፓዱ እየሳሳ በሄደ ቁጥር የሚነካበት ቦታም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጎማውን ሳይነካ ወደ ላይ የቀረበ ይሁን።

ርቀቱ፦ ዘንጉ በግራም በቀኝም እኩል ይውጣ። በዓይን አትገምቱ፤ በማስመሪያ ለኩት። ዘንጉ ምን ያህል እንደወጣ የክንዱን አቋም ይወስናል። አንዱ ረዝሞ አንዱ ካጠረ ክንዶቹ እኩል አይቆሙም፣ አግዳሚው ካቦም ይዛባል።

ዝንባሌው፦ የፓዱ የፊት ጫፍ ቀድሞ ይንካ፣ የኋላው ጫፍ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት ይኑረው። ይህ ከሌለ ፍሬኑ ይጮኻል። ክፍተቱን በግምት ከማድረግ የኤቲኤም ካርድ በፓዱ የኋላ ጫፍና በቸርኬው መካከል አስገቡ፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ጊዜው ያለፈበት ካርድ ብትጠቀሙ ይሻላል፤ ጭረት አይቀርለትም። ካርዱ እንዳለ ዳዶውን አጥብቁ። ዳዶው ሲጠብቅ ፓዱ አብሮ መዞር ይፈልጋል፤ በፒንሳ ወይም በሌላኛው ጫፍ ባለው አለንኪ ያዙት።

ካቦው፦ ፍሬኑ የሚኖርበት ወይም የሚሞትበት ቦታ

ሁለት ዓይነት አገጣጠም አለ። አንዱ የተለየ አግዳሚ ካቦና መስቀያ ያለው ነው። ሌላው በኋላ የመጣው ነው፤ ዋናው ካቦ በአንድ ማያያዣ ውስጥ አልፎ በቀጥታ አንዱ ክንድ ላይ ይታሰራል፣ ወደ ሌላኛው ክንድ ደግሞ ቁመቱ የተወሰነ አጭር ካቦ ይሄዳል። ሁለተኛው ቁመቱ ስለማይቀየር ብዙ ውሳኔ የለውም። እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም መስቀያው የሚቆምበትን ከፍታ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ይህ ከፍታ ለምን ያን ያህል ለውጥ ያመጣል? ግቢ ውስጥ ያለውን የልብስ ማስጫ ገመድ አስቡ። ገመዱ ላላ ብሎ ከተንጠለጠለ እርጥብ ጋቢ ቢሰጣበትም ምሰሶዎቹ ብዙም አይጎተቱም። ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ግን ያው ጋቢ ምሰሶዎቹን ሊያዘም ይደርሳል። ክብደቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው የገመዱ ማዕዘን ነው። አግዳሚው ካቦም እንደዚሁ፣ ተገልብጦ፦ መሃሉ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጫፎቹ ክንዶቹን ይጎትታሉ።

በቁጥር እንየው። ዋናው ካቦ በ10 ኪሎ ኃይል ይሳብ እንበል። የአግዳሚው ሁለት ጎኖች ከአግድም 60 ዲግሪ ወደ ላይ ከወጡ፣ ማለትም መስቀያው በጣም ከፍ ካለ፣ እያንዳንዱ ክንድ የሚደርሰው 5.8 ኪሎ ገደማ ነው። በ45 ዲግሪ 7 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። በ30 ዲግሪ ሙሉ 10 ኪሎ። በ20 ዲግሪ 14 ተኩል ይደርሳል። ያው እጅ፣ ያው ፓድ፣ ያው እጀታ። ክንዱ ራሱም ጉዳይ አለው፤ ከፐርኖው እስከ ካቦው ማሰሪያ ባለው መስመርና በካቦው መካከል ያለው ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ክንዱ ከርዝመቱ ሙሉ ጥቅም ያገኛል። ወደ ጎን በጣም የሚወጡ ሰፋፊ የድሮ ክንዶች ላይ መስቀያውን ማውረድ የሚሰጠው ጥቅም አነስ ይላል። ወደ ላይ ቀና ያሉ ጠባብ ክንዶች ላይ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

በነፃ የሚመጣ ጉልበት ግን የለም። ጉልበት በጨመረ ቁጥር እጀታው ብዙ መንገድ ይሄዳል። መስቀያውን በጣም ካወረዳችሁት እጀታው መሪውን ሊነካ ይደርሳል። ስለዚህ ፓዶቹ ወደ ቸርኬው ቀረብ ይበሉ፤ በየጎኑ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ። ይህ የሚሆነው ቸርኬው ካልተወላገደ ነው። የተወላገደ ቸርኬ ይዛችሁ ፓድ ማቅረብ አይቻልም፤ አስቀድማችሁ የቸርኬውን ሽቦዎች አስወጥሩ።

እኔ የምጀምረው መስቀያውን ከጎማው ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ነው። ካቦውን አስሬ እጀታውን እይዛለሁ። ፓዶቹ ቸርኬውን ሲነኩ እጀታው መንገዱን ግማሽ ያህል ሄዶ ከሆነ ልክ ነው። አጥብቄ ስይዘው መሪውን ከነካ መስቀያውን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። መስቀያው ከፍ ሲል እጀታው ጠንካራ ይሆናል። ደንበኛው አንዴ ጨበጥ ያደርግና "አቦ! ይሄ ፍሬን ድንጋይ ነው!" ብሎ ተደስቶ ይሄዳል። ድንጋይ የሆነው እጀታው ነው እንጂ ፍሬኑ አይደለም። ፓዶቹ ቸርኬውን ነክተዋል፤ የሚጨብጡበት ጉልበት ግን ትንሽ ነው። ጥሩ ካንቲሌቨር ሲያዝ ለስለስ ይላል፤ ፓዱ ከነካም በኋላ ትንሽ ይሄዳል።

እጀታው ራሱ የሌላ ፍሬን ሊሆንም ይችላል። የቪ ብሬክ እጀታ ካቦውን ከካንቲሌቨሩ እጀታ እጥፍ ገደማ ይስባል። ከካንቲሌቨር ጋር ሲገጠም ያው የድንጋይ ታሪክ ይመጣል፤ ጠንካራ ነው፣ አይዝም። በተቃራኒው የካንቲሌቨር እጀታ ከቪ ብሬክ ጋር ከገጠመ ካቦው ሳይበቃ እጀታው መሪው ላይ ያርፋል። ለመለየት እጀታው ከሚዞርበት ፐርኖ እስከ ካቦው እንክብል መቀመጫ ያለውን ርቀት እዩ። የቪ ብሬኩ ይርቃል። ሁለት እጀታ ጎን ለጎን ከያዛችሁ ወዲያው ይታያችኋል።

ስለ ካቦው ሽፋን በአጭሩ፦ የማርሽ ካቦ ሽፋን ለፍሬን አታድርጉ። የማርሹ ሽፋን ውስጡ በቁመት የተደረደሩ ሽቦዎች ናቸው፤ በፍሬን ጉልበት ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬኑ ውስጡ ተጠምጥሞ የተሠራ ነው። ስትቆርጡት ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ። የድሮ ካቦ ላይ ብሎን የነከሰው ቦታ ካለ ያንን ቦታ ደግማችሁ ጭነት አታሸክሙት፤ ክሮቹ ተቆርጠዋል። ከማሰሪያው የተረፈውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና ጫፉን በሱፐር ግሉ ጠብታ ያዙት፣ አይበተንም።

መዝለል የሌለበት አንድ ነገር

የፊቱ ዋና ካቦ ቢበጠስ ወይም ከማሰሪያው ቢያመልጥ አግዳሚው ካቦ ጎማው ላይ ይወድቃል። የማውንቴን ጎማ ጥርስ አለው። ካቦውን ይዞ ይጠቀልለዋል፤ የፊት ጎማው በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ ነጂው በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። ስለዚህ ሳይክሉ ሲሠራ ከአግዳሚው ሥር የሚያልፍ የአንጸባራቂ መያዣ ወይም መድጋርድ ነበረው። እዚህ አገር "ምን ያደርጋል" ተብሎ መጀመሪያ ተፈትቶ የሚጣለው እሱ ነው። ከሹካው አናት ቀዳዳ ላይ በብሎን የታሰረ፣ ካቦውን ከጎማው አግዶ የሚይዝ አንድ ቁራጭ ብረት እንኳ ይበቃል። ያለ እሱ የፊት ካንቲሌቨር አልገጥምም፤ ለማንም አልገጥምም።

ሙከራ

ሳይክሉ ቆሞ እያለ እጀታውን ባላችሁ ጉልበት ሁሉ ደጋግማችሁ ያዙት። የሚያመልጥ ካቦ ካለ እዚሁ ያምልጥ። ሁሉንም ብሎን እንደገና ነካ ነካ አድርጉ። ከዚያ የፊቱን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊት ግፉት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት መነሳት አለበት። ካልተነሳ ወደ መስቀያው ተመለሱ። አንዱ ፓድ ቀድሞ ከነካ ያቺ በ2 ቁጥር አለንኪ የምትዞረው ብሎን የምትሠራው አሁን ነው። በመንገድ ለመሞከር ጠዋት ማለዳ ባጃጅ ሳይበዛ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ያለው መንገድ ይመቻል።

ሲያዝ ከጮኸ ዝንባሌውን እዩ፤ ቸርኬውንም በአልኮል ጥረጉት። ከመጮኽ አልፎ የፊት ሹካው ተንቀጥቅጦ መሪው እጃችሁ ላይ ከዘለለ ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያ የመሪው ኩሽኔታ ላልቶ እንደሆነ ፈትሹ። እሱ ደህና ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፦ የፊቱ ካቦ ሽፋን የሚያልቀው መሪው ሥር ነው። ፍሬን ሲያዝ ሹካው ትንሽ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ከላይ እስከ ፍሬኑ ያለው ካቦ የበለጠ ይወጠራል፤ ሲወጠር ፍሬኑ የበለጠ ይይዛል። ከዚያ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ፓድ ቢቀየር አይጠፋም። የሽፋኑ ማቆሚያ ከሹካው አናት ላይ እንዲሆን ከተደረገ ሹካው ሲታጠፍ ማቆሚያውም አብሮ ስለሚሄድ መንቀጥቀጡ ይቀራል።

በሐረር መንገድ ባለው በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ ለመውረድ ያሰባችሁ ደግሞ ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሙ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ። ሐረር ወደ 1900 ሜትር፣ ድሬ ደግሞ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያ ሁሉ ቁልቁለት ቸርኬው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በጣም የጋለ ቸርኬ የውስጥ ጎማ ያፈነዳል። የብረት ቸርኬ ያለው ሳይክል ከሆነ ዝናብ ካለ ጭራሽ አትሞክሩት። እርጥብ ብረት ላይ ላስቲክ ይንሸራተታል፤ አሉሚኒየም ይሻላል።

አዲስ ካቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይለቃል። እጀታው ሥር ያለውን ማስተካከያ ብሎን ወደ ውጭ አዙራችሁ ታጠብቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ጎንበስ ብላችሁ ፓዱን እዩ። እየሳሳ ሲሄድ የታችኛው ጠርዙ ከቸርኬው በታች መውጣት ይጀምራል፤ ያልተበላው ላስቲክም ከሥር ጠርዝ ሠርቶ ይቀራል። ያ ጠርዝ ቸርኬው ሥር ከተያዘ ፓዱ አይመለስም፤ ይባስ ብሎ ወደ ሽቦዎቹ ሊገባ ይችላል። ጠርዙን በስለት ቁረጡት፣ ዳዶውን አላልታችሁ ፓዱን ከፍ አድርጉት፣ የኤቲኤም ካርዱን መልሳችሁ አስገቡና እንደገና እሰሩት።